ከውስጥ ጀምሪ፦ የኤድዋርድ ዘመን ልብስ ልትሰፋ ለተነሣች ልጅ

ልጄ፣ ሐሳብሽን ስሰማ ደስ ብሎኛል። ኮሌታው የቆመ ነጭ ሸሚዝ፣ እስከ መሬት የሚወርድ ጉርድ፣ በመሐሉ ዳንቴል የገባበት የበጋ ቀሚስ በገዛ እጅሽ ሠርተሽ ልትለብሺ ነው። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በስፌት መኪና ፊት ነው፤ አብዛኛውንም ለቴአትር ሰዎች የድሮ ዘመን ልብስ ስሰፋ ኖሬያለሁ። የማውቀውን ሳልሰስት እነግርሻለሁ። ከሁሉ በፊት ግን ይህን ያዢልኝ፤ የዚያ ዘመን ልብስ ቅርጹን የሚያገኘው ከላይ ከሚታየው ጨርቅ ሳይሆን ከሥሩ ካለው ነው። ልብሱን ለገላሽ ትሠሪዋለሽ እንጂ ገላሽን ለልብሱ አታስጨንቂውም። ዓመታቱንና ቀናቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።

1. ዓመት ምረጪ።

የኤድዋርድ ዘመን የሚባለው የጅምላ ስም ነው። ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ እንግሊዝን የገዙት ከ1901 እስከ 1910 ቢሆንም፣ የልብስ ሰዎች አንደኛው የዓለም ጦርነት እስከተነሣበት እስከ 1914 ድረስ ያለውንም ይጨምሩበታል። በእነዚህ ጥቂት ዓመታት ውስጥ የሴት ልብስ መልኩን ደጋግሞ ቀይሯል። ራስ መኮንን ለንጉሡ የዘውድ በዓል ወደ ለንደን በተላኩበት በ1902 የከተማዋ ሴቶች ሸሚዛቸው ፊት ለፊት እንደ እርግብ ደረት ተነፍቶ ወገብ ላይ ይወድቅ ነበር። እጅጌው ከክርን በታች ሰፍቶ አንጓ ላይ ይሰበሰባል፤ ጉርዱ ዳሌ ላይ ልክክ ብሎ ከጉልበት በታች ይዘረጋል። ጥቂት ቆይቶ የእጅጌው ስፋት ወደ ላይ ወጣ። ከ1908 ወዲህ ወገብ ከፍ አለ፣ ጉርድ ጠበበ፣ ልብሱ በሙሉ ቀጥ ያለ መስመር ያዘ፤ በዚህም የፓሪሱ ፖል ፑዋሬ ትልቅ እጅ ነበረው። በ1910 እና በ1911 ጭራሽ እርምጃ የሚያሳጥር፣ ከታች የጠበበ ጉርድ ፋሽን ሆነ።

ስለዚህ የ1903 እጅጌ ከ1911 ጉርድ ጋር ብታገናኚ ሁለቱም በየራሳቸው ያማሩ ቢሆኑ እንኳ አብረው አይሄዱም። አንድ ዓመት ወረቀት ላይ ጻፊና ከስፌት መኪናሽ በላይ ለጥፊው። ለጀማሪ የምመርጥልሽ ከ1901 እስከ 1905 ያለውን ነው። ሸሚዝና ጉርድ ለየብቻ ስለሚሰፉ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል።

2. ከፊልም ሳይሆን ከፎቶግራፍ ተማሪ።

ሴሲል ቢተን ለ1964ቱ «ማይ ፌር ሌዲ» የነደፋቸው የአስኮት የፈረስ ውድድር ልብሶች ድንቅ ናቸው፤ እኔም እያየሁ አልጠግባቸውም። ነገር ግን የ1964 ዓይን የሠራቸው ናቸው። የዘመኑ የፋሽን መጽሔት ሥዕልም ቢሆን ማንም ሴት የሌላትን ወገብ ነው የሚያሳይሽ። የስቱዲዮ ፎቶግራፍ እንኳ አይታመንም፤ አንሺዎቹ ኔጋቲቩ ላይ ወገብ ይቀንሱ ነበር። አንቺ የምትፈልጊው ተራ ሰው ተራ ቀን ላይ የተነሣውን ነው፤ መምህርት በተማሪዎቿ መካከል፣ የሱቅ ሠራተኛ፣ ሽርሽር የወጣ ቤተሰብ። እዚያ ላይ ብብት ሥር የተጨማደደውን ጨርቅ፣ የተዛነፈውን መቀነት፣ አቧራ የነካውን ጠርዝ ታያለሽ።

አንቺ ጥቁር ልጅ ነሽና ይህንንም ልጨምርልሽ። ደብልዩ ኢ ቢ ዱ ቦይስ ለ1900 የፓሪስ ኤግዚቢሽን ያሰባሰባቸው የጆርጂያ ጥቁር አሜሪካውያን ፎቶግራፎች ዋሽንግተን በሚገኘው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል። ፍራንሲስ ቤንጃሚን ጆንስተን በዚያው ሰሞን በቨርጂኒያ የሃምፕተንን ጥቁር ተማሪዎች ያነሣቻቸውም አሉ። የቆመ ኮሌታ፣ በጥንቃቄ የተተኮሰ ሸሚዝ፣ ቀና ያለ አንገት ታያለሽ። ይህ ልብስ የነጭ ሴት ብቻ ነው የሚልሽ ሰው ቢመጣ እነዚያን ፎቶዎች አሳይው። ቆዳሽ ላይ ነጭ ጥጥ እንዴት እንደሚያምርም ከእነሱ ትማሪያለሽ።

3. ፓተርን ሁሉ አንድ አይደለም።

ገንዘብሽን ከማውጣትሽ በፊት የያዝሽው ፓተርን ከየት እንደመጣ እወቂ።

በዚያው ዘመን ታትሞ የተረፈ አለ። አሜሪካዊው ልብስ ሰፊ ኤቤኔዘር በተሪክ በልክ በልኩ የተዘጋጀ የወረቀት ፓተርን መሸጥ የጀመረው በ1863 ነው፤ በኤድዋርድ ዘመን ይህ ንግድ ተስፋፍቶ ፓተርን በፖስታ ወደየቤቱ ይላክ ነበር። የያኔው ፓተርን ስስ ወረቀት ነው፤ መስመርም ጽሑፍም የለበትም። ምልክቱ ሁሉ በቀዳዳና ጠርዝ ላይ በተነከሰ ነገር ነው፤ ይህ ቀዳዳ የጨርቁን ድር ያሳያል፣ ያኛው ጨርቁ የሚታጠፍበትን። በአንድ ፖስታ ውስጥ አንድ ልክ ብቻ ነው ያለው፤ ያም ልክ ከሸሚዝ ሥር የሚታሰረውን ኮርሴት የለበሰች ሴት ልክ ነው። መመሪያው ሁለት ሦስት መስመር ቢሆን ነው፤ ቤት ያለች ሴት ሁሉ መስፋት ታውቃለች ተብሎ ስለሚታሰብ።

ሙዚየም ካለ ልብስ ላይ ተለክቶ የተነሣም አለ። እንግሊዛዊቷ ጃኔት አርኖልድ «ፓተርንስ ኦፍ ፋሽን» በሚለው ሥራዋ፣ ኖራ ዎም በ1968 ባወጣችው የሴቶች ልብስ ቅድ መጽሐፍ ይህን አድርገውልናል። ሁለቱን ሴቶች ሳላውቃቸው እወዳቸዋለሁ፤ ልብስን እንደ ታሪክ ሰነድ ማንበብ ያስተማሩን እነሱ ናቸው። የአርኖልድ ሥዕሎች የእውነተኛው ልብስ አንድ ስምንተኛ ናቸው። ስታሳድጊ የአንድ ሚሊ ሜትር ስሕተት ስምንት ሚሊ ሜትር ይሆናልና እርሳስሽን ሹል አድርጊ። ለስፌት የሚተወው ትርፍ አልተጨመረበትም፤ አንቺ ነሽ የምትጨምሪው። ደግሞም የአንዲት ሴት ልብስ መሆኑን አትርሺ፤ ትከሻዋ ከትከሻሽ፣ ጀርባዋ ከጀርባሽ ጋር አይገጥምም።

ለአንቺ የሚሻልሽ ዛሬ ለዛሬ ሰው እንደገና ተስሎ በብዙ ልክ የሚሸጠው ነው። በ1976 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተጀመረው ፎክዌር የዚህ ዓይነቱን ሸሚዝና የመንገድ ጉርድ ያወጣል፤ ትሩሊ ቪክቶሪያንም አለ። ከነዚህ በአንዱ ጀምሪ። ለጭምብል በዓል የሚሸጠውን፣ ከኋላው ዚፕ ያለውን ፓተርን ግን ለመድረክ ሰዎች ተዪላቸው። ልብስ በደቂቃ ለሚለውጥ ተዋናይ ይጠቅማል፤ አንቺ የምትፈልጊውን ቅርጽ ግን አይሰጥሽም።

የትኛውንም ብትገዢ ዋናውን ወረቀት አትቁረጪ። ጠንካራ ወረቀት ላይ ገልብጪና ግልባጩን ቁረጪ።

4. ከውስጥ ጀምሪ።

ብዙ ልጆች በሸሚዙ ይጀምራሉ፤ ከዚያ መስታወት ፊት ቆመው ለምን እንደ ሥዕሉ አልሆነም ብለው ያዝናሉ። ጥፋቱ የስፌታቸው አይደለም፤ ከሥሩ ምንም የለም። ያኔ ሴቷ መጀመሪያ ገላዋ ላይ ቀጭን የጥጥ ውስጥ ልብስ ታደርጋለች፤ በላዩ ኮርሴት፣ በኮርሴቱ ላይ ስስ የውስጥ ሸሚዝ፣ ከወገብ በታች ጁፖን፤ ከዚያ ነው ጉርዱና ሸሚዙ የሚመጣው። የስፌት ቅደም ተከተልሽም ይኸው ይሁን።

ስለ ኮርሴት ብዙ ክፉ ነገር ሰምተሻል፤ ከፊሉ እውነት ነው፣ ከፊሉ የተጋነነ። በ1900 ገደማ የመጣው ፊቱ ቀጥ ያለ ኮርሴት ስሙ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ሕክምና ካጠናች ፈረንሳዊት ኮርሴት ሠሪ፣ ከኢኔስ ጋሽ ሳሮት ጋር ነው። የታሰበውም በሆድ ላይ ያለውን ጫና ለማቅለል ነበር። ደረትን ከፍ አያደርግም፤ ከጡት በታች ይጀምርና ዳሌ ላይ ረዘም ብሎ ይወርዳል። አጥብቀው ሲያስሩት ግን ጀርባን ወደ ውስጥ ያጎብጣል፤ በዚያ ዓይነት መታሰር ከቶ አልስማማም።

አሁን የምነግርሽን በደንብ አድምጪኝ። ወገብ ቀጭን የሚመስለው ከላዩና ከታቹ ያለው ሲሰፋ ነው። የዘመኑ ሴቶች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፤ ዳሌያቸው ላይ ትንሽ ትራስ ያስሩ ነበር፣ በውስጥ ሸሚዛቸው ደረት ላይም ሽብሽብ ጨርቅ በረድፍ ይሰፉ ነበር። አንቺም እንዲሁ አድርጊ። ከቀጭን ጥጥ ረጃጅም ቁራጮች አውጪ፣ አንዱን ጠርዛቸውን ሸብሽቢ፣ በአሚዶ አድርቀሽ ከብብት እስከ ብብት በሦስት ረድፍ ስፊያቸው። ሸሚዙን በላዩ ስትለብሺ ያ የተነፋ ደረት ራሱ ይመጣል። ኮርሴቱ ከወገብሽ አምስት ሴንቲ ሜትር ከቀነሰ ይበቃል። የሙከራውን ኮርሴት ለብሰሽ ወንበር ላይ ተቀመጪ፣ ደረጃ ውጪ፣ ምሳሽን ብዪ። አንዱን ካልቻልሽ ኮርሴቱ ስሕተት ነው፤ ገላሽ አይደለም። የጤና ምክንያት ካለሽ ደግሞ ጭራሽ ተዪው፤ ከጠንካራ ጥጥ ብረት የሌለው ልክ ያለ የውስጥ ልብስ ስፊና በዳሌ ትራሱና በሽብሽቡ ላይ ተማመኚ። ከመንገድ ማዶ የሚያይሽ ሰው ልዩነቱን አያውቅም።

ጁፖኑን አትናቂው። ከጉልበት በታች ሽብሽብ ያለበት አንድ ጁፖን ከሌለ በጣም ውድ የሆነው ጉርድ እንኳ እግርሽ ላይ ይጣበቃል።

5. ልክሽን ከውስጥ ልብሱ በላይ ውሰጂ።

የውስጡ ሁሉ ሲያልቅ ለብሰሽው ቁሚና ሰው ይለካሽ። ራስን መለካት አይሆንም፤ ሜትሩን ለማየት ጎንበስ ባልሽ ቁጥር ልኩ ይለወጣል። ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ የሚታወቅ ነው። ሰዎች የሚረሱት የጀርባ ስፋት፣ ከማጅራት እስከ ወገብ ያለው ርዝመት፣ ደግሞም የአንገት ዙሪያ ከላይና ከታች ነው። የቆመ ኮሌታ ጉሮሮ ሲያንቅ የሚገኘው አንገት የተለካው ከታች ብቻ ስለሆነ ነው።

ከዚያ አቡጀዲ ግዢ። የሙከራ ልብስ ሳትሰፊ መልካም ጨርቅ ላይ መቀስ እንዳታሳርፊ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ላይ ነው። የሙከራውን ስትሰፊ ክሩን ረጅም አድርጊው፣ ለመፍታት እንዲመች። ለብሰሽ ወገብሽ ላይ ክር እሠሪና ጨርቁ የሚጎተትበትን ተመልከቺ። መጨማደዱ ወዴት እንደሚያመለክት ካየሽ የጎደለው የት እንደሆነ ይነግርሻል፤ ጨርቁ ከጡትሽ ወደ ብብትሽ በሰያፍ ከተጎተተ የጎደለው ደረት ላይ ነው።

ስታሰፊ ጎኑ ላይ ብቻ አትጨምሪ። ፓተርኑን በቁመቱ ሰንጥቀሽ መሐሉን ክፈቺና ወረቀት አስገብተሽ ለጥፊ። የአሮጌ ፓተርን ጀርባ ጠባብ ነው፤ የያኔ ሴቶች ትከሻቸውን ወደ ኋላ አድርገው እንዲቆሙ ከልጅነት ይማራሉና። አንቺ ኮምፒውተር ላይ አጎንብሰሽ የምትውዪ ስለሆንሽ እዚያ ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር መጨመርሽ አይቀርም። ጨምሪ። የወረቀቱ ቁጥር የሌላ ሴት ታሪክ ነውና የአንቺ ቁጥር ቢበልጥ ቅር አይበልሽ።

6. የሸሚዙን ፊት እንዳታሳጥሪው።

የዚህን ዘመን የሸሚዝ ፓተርን ስትዘረጊ ፊቱ ከጀርባው ረዝሞና ወገቡ ላይ ወደ ታች ጎብጦ ታገኚዋለሽ። ስሕተት መስሏቸው ቆርጠው የሚጥሉት ብዙ ናቸው። ያ ትርፍ ነው ወገብ ላይ ተሸብሽቦ ወደ ፊት የሚወድቀው፤ እሱ ከሌለ የዛሬ ሸሚዝ ነው የያዝሽው። ሽብሽቡን መሐል ላይ ሰብስቢው፣ ጎንና ጎኑ ግን ልሙጥ ይሁን። ከውስጥ ወገቡ ላይ ጥብጣብ ስፊበትና ከፊት እሠሪው፤ ክንድሽን ስታነሺ ሸሚዙ ከጉርዱ አይወጣም።

የክንድ መግቢያውም ከብብት ሥር ጠባብና ከፍ ያለ ነው፤ ይህንንም አታስፊው። ከፍ ያለ የክንድ መግቢያ ክንድን ያስራል ብለሽ ትሰጊ ይሆናል፤ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ዝቅ ብሎ የተቆረጠ ከሆነ ክንድሽን ባነሳሽ ቁጥር ሸሚዙን በሙሉ ይዞት ይነሳል።

7. ጉርዱ ድርና ማግ ማወቅ ይፈልጋል።

ባለ አምስት ወይም ባለ ሰባት ቁራጭ ጉርድ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰፋ ሰው የሚሳሳተው በአቆራረጡ ነው። በየጎኑ ያለው ቁራጭ አንድ ጠርዙ የጨርቁን ድር ይከተላል፣ ሌላው ሰያፍ ነው። ድሩን የተከተለው ወደ ፊት፣ ሰያፉ ወደ ኋላ ይዙር። እንዲህ ሲሆን ሰያፉ ጠርዝ ከቀጥታው ጋር ስለሚሰፋ አይለጠጥም፤ የጉርዱም ስፋት ወደ ኋላ ይሄዳል። ጠርዙን ከመቀምቀምሽ በፊት ጉርዱን አንድ ቀንና ሌሊት ሰቅለሽ አቆዪው። ሰያፉ በራሱ ክብደት ይወርዳልና ከዚያ በኋላ ነው ከመሬት የሚለካው።

8. ጨርቅ ስትመርጪ።

ለሸሚዝና ለበጋ ቀሚስ ስስ ጥጥ፣ ለመንገድ ጉርድ ሱፍ ወይም ከተልባ እግር የተሠራ ጨርቅ። ፖሊስተር ተዪ። በ1941 የተፈጠረ ነገር ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ካውያ አይታዘዝም፣ እጥፋት አይይዝም፣ በአራት ድርብ ልብስ ላይ ደግሞ ላብ ያፍናል። ሻጩ ንጹሕ ጥጥ ነው ካለሽ ጥቂት ክር ምዘዢና በክብሪት ለኩሺው። ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ እንክብል ይሆናል።

የአገራችን መነን ለነጭ ሸሚዝ ይሆናል ወይ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ይሆናል፣ ያምራልም። ሽመናው ላላ ስለሚል ግን ጠርዙ ይተረተራል፤ ስለዚህ ስፌቱን ሁሉ ድርብ አድርጊው። መጀመሪያ መልካሙን ገጽ ወደ ውጭ አድርገሽ ስፊ፣ ትርፉን አሳጥሪ፣ ገልብጠሽ ጥሬውን ጠርዝ ውስጥ ዘግተሽ እንደገና ስፊበት። ደግሞ ከመቁረጥሽ በፊት እጠቢው፤ መሰብሰቡ አይቀርም።

የዘመኑን እውነተኛ ልብስ አሮጌ ዕቃ መሸጫ አግኝተሽ ልትለብሺው ብታስቢ፣ አደራሽን፣ አትልበሺው። በተለይ ሐሩን። ሐር በክብደት ይሸጥ ስለነበር ሲታጠብ የሚጠፋውን ክብደት ለመመለስ በቆርቆሮ ጨው ይነክሩት ነበር፤ ያ ጨው ክሩን ከውስጥ ይበላዋል። ዛሬ ብዙው ስትነኪው በእጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ ውስጡን አጥኚ፣ ልኩን ውሰጂ፣ መልሰሽ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልይው።

9. ዳንቴል ማስገባትን ተማሪ፤ የዘመኑ ውበት እዚያ ላይ ነው።

የያኔው ነጭ ቀሚስ ዳንቴሉ ላዩ ላይ የተለጠፈ አይደለም፤ ጨርቁ ተከፍቶ በመሐሉ የገባ ነው፤ በዚያ በኩል ብርሃን ያልፋል። ዳንቴሉም ቢሆን አብዛኛው በኖቲንግሃምና በካሌ ፋብሪካዎች በመኪና የተሠራ ነበርና በእጅ የተሠራ ካላገኘሁ ብለሽ አትቸገሪ። የጥጥ ይሁን እንጂ።

አሠራሩ ይህ ነው። ዳንቴሉን በሙቅ ውኃ ነክረሽ አድርቂና ተኩሺው። ጨርቁ ላይ መስመር አስምሪ፤ ዳንቴሉን በመስመሩ ላይ፣ በመልካሙ ገጽ በኩል አስቀምጪና በመርፌ ያዢው። ሁለቱንም ጠርዙን ከዳር አንድ ሚሊ ሜትር ገባ ብለሽ ስፊ። አሁን ገልብጪው። ከኋላ በኩል ከዳንቴሉ ሥር ያለውን ጨርቅ በሁለቱ ስፌቶች መካከል ታያለሽ። እሱን ብቻ በጣትሽ ቆንጥረሽ ከዳንቴሉ አላቂ፣ በትንሽ መቀስ መሐሉን ብጭቅ አድርጊ፤ በቀዳዳው ጠንከር ያለ ወረቀት አስገቢና ወረቀቱን እየገፋሽ በላዩ ላይ ቁረጪ። መቀሱ ከወረቀቱ ስለማያልፍ ዳንቴሉ አይነካም። የተከፈሉትን ሁለት ጠርዞች ወደየጎናቸው እጠፊ፣ ተኩሺ፣ ከመልካሙ ገጽ እንደገና ጠርዝ ጠርዙን ስፊና ከኋላ የተረፈውን አሳጥሪ። ወደ መስኮት አንሥተሽ ስታዪው ልፋትሽ ሁሉ ይረሳሻል።

በዳንቴሉ ግራና ቀኝ የሚሄዱትን ቀጫጭን እጥፋቶች ግን ጨርቁን ከመቁረጥሽ በፊት ሥሪያቸው፤ እያንዳንዳቸው ጨርቅ ይበላሉ። መጀመሪያ እጥፋቱ፣ ቀጥሎ ዳንቴሉ፣ ከዚያ ፓተርኑ ይቀመጥበታል።

10. መኪና ነውር አይደለም፤ ዚፕ ግን አይደረግም።

በእጅ ካልሰፋሽ እውነተኛ አይደለም የሚሉሽ አሉ። አትስሚያቸው። በ1900ዎቹ የስፌት መኪና በየቤቱ ገብቶ ነበር፤ የዘመኑ ልብስ ውስጡ ሲገለጥ ረጃጅሙ ስፌት የመኪና ነው። በእጅ የሚሠራው የቁልፍ ቀዳዳው፣ መንጠቆው፣ የጠርዙ ቅምቅማት ነው። ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ተጠቀሚ፣ ክሩን አሳጥሪው። የእግር መኪና ካገኘሽ እሰየው፤ ለዳንቴል ከኤሌክትሪኩ ይልቅ እሱ ይታዘዝሻል።

ጌዲዮን ሰንድባክ ዛሬ የምናውቀውን ዓይነት ዚፕ ያወጣው በ1913 ነው፤ የሴት ቀሚስ ላይ የተለመደው ግን በ1930ዎቹ ነው። ለጉርዱ መንጠቆ፣ ለሸሚዙ ትናንሽ ቁልፍ፣ ወይም ሲጫኑት ጠቅ ብሎ የሚገጥመውን የብረት ቁልፍ አድርጊ። ከኋላ የሚዘጋ ሸሚዝ የሚቆልፍልሽ ሰው ይፈልጋል፤ ብቻሽን የምትኖሪ ከሆነ ከፊት የሚቆለፈውን ምረጪ።

11. ይህን ሸሚዝ የሰፉትን እወቂ።

አንቺ በፍቅር የምትሰፊውን ሸሚዝ በዚያ ዘመን ኒው ዮርክ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጃገረዶች በመኪና ረድፍ ተቀምጠው ለጥቂት ገንዘብ ይሰፉት ነበር። ብዙዎቹ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ አይሁዶችና ጣሊያኖች፣ እንግሊዝኛ በቅጡ የማይናገሩ ስደተኞች ናቸው። በኅዳር 1909 ክላራ ለምሊክ የምትባል ወጣት ሰፊ በኩፐር ዩኒየን አዳራሽ ተነሥታ ሥራ እናቁም አለች፤ ወደ 20,000 የሚሆኑ የሸሚዝ ሰፊዎች መርፌያቸውን ጥለው ወጡ። ከሁለት ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ፣ መጋቢት 25 ቀን 1911፣ በትሪያንግል የሸሚዝ ፋብሪካ እሳት ተነሣ። ፋብሪካው ከፍ ባለ ሕንፃ 8ኛ፣ 9ኛና 10ኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ አንዱ መውጫ በር ተቆልፎ ነበር፤ የእሳት አደጋ መሰላሉ እዚያ ድረስ አልደረሰም። 146 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ሴቶችና ልጃገረዶች ነበሩ።

ይህን የምነግርሽ ደስታሽን ለማደፍረስ አይደለም። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ መኪና ላይ የሚውሉ የአገርሽ ልጆች አሉ፤ አንቺም እኔም ስደተኞች ነን። የዘመኑን ልብስ ለብሰሽ ስትወጪ ሰው ስለ ዳንቴሉ ይጠይቅሻል። ስለ ልጃገረዶቹም ንገሪው።

12. ሰው ስፊልኝ ሲልሽ።

ማለቱ አይቀርም። ለአንድ ነጭ ቀሚስ ዳንቴል ማስገባት ብቻ ስንት ሰዓት እንደሚወስድ ለራስሽ ስትሰፊ ማስታወሻ ያዢ፤ ዋጋ የምትጠሪው ከዚያ ተነሥተሽ ነው። የጨርቁ ዋጋ፣ የአቡጀዲው ዋጋ፣ የሰዓትሽ ዋጋ ለየብቻ ይጻፍ። ዘመድ ነች ብለሽ ሰዓትሽን አትሰርዢ፤ ልትቀንሺላት ከፈለግሽ ሙሉውን ጻፊና ከሥሩ ቀንሺ፣ ምን ያህል እንደሰጠሻት ትወቀው። አይተሽው የማታውቂው ገላ ላይ በደብዳቤ በተላከ ልክ እሺ አትበዪ፤ ቢያንስ የአቡጀዲውን ሙከራ ለብሳ ፊትሽ ትቁም። ለመጀመሪያዋ ደንበኛሽ ጁፖንና ጉርድ ብቻ ስፊላት። ሸሚዙን፣ ትከሻዋንና አቋቋሟን ካወቅሽ በኋላ ትደርሺበታለሽ።